አንድ ፌስታል ይበቃል፦ ለክፍል የሚቀርብ የአካባቢ ጥበቃ ዲጂታል ሥዕል ከሐሳብ እስከ ማስረከብ

መምህሩ “በአካባቢ ጥበቃ ላይ ዲጂታል ሥዕል ሠርታችሁ ኑ” ካለ፣ የሚመጣውን ከወዲሁ መገመት ይቻላል። ሁለት እጆች ምድርን አቅፈው። ወይም ለሁለት የተከፈለ ዛፍ፣ ግራው ለምለም ቀኙ ደረቅ። ወይም አፏ ውስጥ ቴርሞሜትር የተሰካባት፣ የምታለቅስ ምድር። እኔም የመጀመሪያዬን ስሠራ የሳልኩት የምታለቅስ ምድር ነበር። በጣም ኮርቼበት ነበር። ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ከጎኑ ሌሎች ሦስት የሚያለቅሱ ምድሮች ተሰልፈው አገኘሁ። መምህራችን የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ወረቀቱን እየገለበጠ ስም ይፈልግ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምድርን በሙሉ ለመሳል አልሞክርም። አንድ ዕቃ፣ በዓይኔ ያየሁት፣ በቅርብ። እዚህ የምንሠራውም እንደዚያው ነው፤ እሾሃማ ቅርንጫፍ ላይ የተያዘ ነጭ ፌስታል። የእናንተ ሌላ ቢሆን ችግር የለውም፤ መንገዱ ያው ነው።

አፑን ከመክፈታችሁ በፊት ውጡ

ብዙ ጀማሪ መጀመሪያ አፕ ያወርዳል፣ ቀጥሎ ባዶ ስክሪን ላይ ያፈጣል። ይህን ገልብጡት። ስልካችሁን ይዛችሁ ለግማሽ ሰዓት ወጣ በሉና ፎቶ አንሱ። ውሃ የቋጠረ የጠርሙስ ክዳን፣ ቆሻሻ የዘጋው የፍሳሽ ቱቦ፣ የተጣለ ባትሪ ድንጋይ፣ አስፋልት ሰንጥቆ የበቀለ ሣር። የመጨረሻውን ሆን ብዬ ነው የጨመርኩት። የአካባቢ ጥበቃ ሥዕል ሁሉ ለቅሶ መሆን የለበትም።

ሐሳባችሁን የምትፈትኑት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ፎቶ ይነሳል? “የአየር ንብረት ለውጥ” ፎቶ አይነሳም። “ብክለት”ም አይነሳም። ዘይት የተንሳፈፈበት ኩሬ ግን ይነሳል። ፎቶ የማይነሳ ሐሳብ ገና አልበሰለም ማለት ነው፤ ወደሚጨበጥ ነገር እስኪወርድ አትሳሉት።

ቀጥሎ ያ ነገር ሌላ ምን እንደሚመስል ራሳችሁን ጠይቁ። ፌስታሉን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ከሩቅ ክንፉን የዘረጋ ነጭ ወፍ ይመስላል። ሰው የሚነቃው ቀረብ ሲል ነው። ነገሩ የሠዓሊ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ፌስታል ጄሊፊሽ ስለሚመስል የባሕር ኤሊዎች በስህተት ይበሉታል። የሚጎዳቸው መምሰሉ ራሱ ነው። እንዲህ ዓይነት መምሰል ካገኛችሁ የሥራው ግማሽ አለቀ በሉ።

“አንድ ፌስታል ብቻ? አያንስም?” የሚል ይኖራል። እርስ በርስ የሚከታተሉትን ሦስት ቀስቶች አስቡ፤ በየካርቶኑ ላይ የምታዩትን የመልሶ መጠቀም ምልክት። እ.ኤ.አ. በ1970 ለአንድ የዲዛይን ውድድር የሠራው ጋሪ አንደርሰን ነው። ያኔ የ23 ዓመት ተማሪ ነበር። ሦስት ቀስት፣ አለቀ።

“እኔ እኮ እጄ አይስልም” ለምትሉ ደግሞ ሌላ መውጫ አለ። ኤድ ሃውኪንስ የተባለ የአየር ንብረት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ2018 የዓመታት ሙቀት መረጃን ወደ ወፋፍራም ቋሚ መስመሮች ለወጠው። አንዱ መስመር አንድ ዓመት ነው። ቀዝቃዛው ዓመት ሰማያዊ፣ ሞቃቱ ቀይ። ቁጥር የለ፣ ጽሑፍ የለ። ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሰማያዊው እየሳሳ ቀዩ ይወርሰዋል። ዘዴውን በራሳችሁ መረጃ መሞከር ትችላላችሁ። ቤታችሁ በየቀኑ የሚጥለውን ፕላስቲክ ለ30 ቀን ቁጠሩ እንበል። ስፋቱ 1920 ፒክስል የሆነ ካንቫስ (አፑ ውስጥ የሚሳልበት ባዶ ገጽ) ላይ ለእያንዳንዱ ቀን 64 ፒክስል ይደርሰዋል። ብዙ ፕላስቲክ የተጣለበት ቀን ደማቅ፣ ትንሽ የተጣለበት ፈዛዛ። ይህ መሳል አይጠይቅም፤ መቁጠርና መታገስ ብቻ ነው።

አፕና ካንቫስ፣ በአጭሩ

በስልክ ለሚሠራ ኢቢስ ፔይንት ወይም ሜዲባንግ ይበቃል። በነጻ ይወርዳሉ፤ ማስታወቂያውን መታገስ ነው። በኮምፒውተር ክሪታ አለላችሁ፤ እሱም ነጻ ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ጂምፕም ነጻ ነው፤ ግን እኔ ጂምፕን ፎቶ ለማስተካከል፣ ክሪታን ከባዶ ለመሳል ነው የምመርጠው። አይፓድ ያለው ፕሮክሬትን መጠቀም ይችላል፤ እሱ የሚገዛ ነው። ስታማርጡ ሁለት ቀን እንዳይነጉድባችሁ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ በሁሉም ይሠራል።

ስታይለስ (የስክሪን ብዕር) ከሌላችሁ በጣት ሳሉ። ጫፉ ላስቲክ የሆነው ተራ ስታይለስ የእጅን ጫና አይለይም። ከጣት የሚሻለው የምትስሉትን ቦታ ባለመሸፈኑ ነው። መስመራችሁ ከተንቀጠቀጠ “ስታቢላይዘር” የሚለውን ፈልጋችሁ ከፍ አድርጉት። መስመሩ ከጣታችሁ ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፣ ግን ለስልሶ ይመጣል።

ካንቫሱን ስትከፍቱ መጠኑን በደንብ አስቡበት፤ በኋላ ማስተካከል ያስቸግራል። ሥዕሉ በስክሪን ወይም በፕሮጀክተር ብቻ የሚታይ ከሆነ 1920 በ1080 ፒክስል ይበቃዋል። የሚታተም ከሆነ ኤ4 በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ማለትም 2480 በ3508 ፒክስል ይሁን። ትንሹን ኋላ ላይ መለጠጥ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል። ስልካችሁ አቅሙ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ሌላ ጣጣ አለ። በኤ4 መጠን አንድ ሌየር (ሥዕሉ ከሚደራረብባቸው ንጣፎች አንዱ፤ ከታች እመለስበታለሁ) ሳይታመቅ ወደ 35 ሜጋባይት ሜሞሪ ይይዛል። አሥር ሌየር ሲሆን 350 ሊደርስ ነው። አፑ ድንገት ጥርቅም ብሎ ከተዘጋባችሁ መጀመሪያ የሌየሩን ብዛት ጠርጥሩ።

ስድስት የክብሪት ሳጥን

አሁንም ስክሪኑን ተዉት። ወረቀትና እርሳስ አምጡ። የክብሪት ሳጥን የሚያህሉ ስድስት ሳጥኖች ሥሩ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሥዕሉን በሁለት ደቂቃ ሞክሩት፤ በሦስት ድምቀት ብቻ፦ ጥቁር፣ ግራጫና የወረቀቱ ነጭ። ዝርዝር አያስፈልግም። ጥያቄው ቅርንጫፉ በየት ይገባል፣ ፌስታሉስ ምን ያህል ይተልቃል የሚለው ብቻ ነው።

የእኔ የመጀመሪያው ላይ ፌስታሉ መሃል ላይ ተገትሮ የጉርድ ፎቶ መሰለ። ሁለተኛው ላይ ዛፉን በሙሉ ስስል ፌስታሉ ነጥብ አክሎ ጠፋ። ሦስተኛው ላይ አሥር ፌስታል ደረደርኩ፤ ቆሻሻ መጣያ ሆነና ወፍነቱ ቀረ። አራተኛውና አምስተኛው አይጣሉም፣ አይያዙም። ስድስተኛው ላይ ከታች ሆኜ ወደ ላይ እንደማይ አድርጌ ሳልኩት። ቅርንጫፉ ከግራ ታች ጥግ ተነስቶ ወደ ቀኝ ይወጣል። ፌስታሉ ከቀኝ በኩል ሲቆጠር አንድ ሦስተኛው ላይ፣ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። የቀረው ባዶ ሰማይ ነው።

ወፍ የመሰለው ያኔ ነው። የሚበርበት ቦታ ስላገኘ። ጀማሪ ባዶ ቦታ ይፈራል፤ ደመና ይጨምራል፣ ፀሐይ ይጨምራል፣ ጥግ ላይ ተራራ ይሸጉጣል። እባካችሁ ተዉት።

የመረጣችሁትን ሳጥን ፎቶ አንስታችሁ ወደ አፑ አስገቡት። ካንቫሱን እስኪሞላ ለጥጡት፣ ኦፓሲቲውን (ከጀርባው ያለውን የመጋረድ አቅሙን) ወደ 30 በመቶ አውርዱት። መመሪያችሁ እሱ ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ ይጠፋል።

ሌየር በሌየር

ሌየር ማለት መስታወት በመስታወት ላይ መደራረብ ነው በሉት። አንዱ ላይ የሳላችሁትን ሌላውን ሳትነኩ ታጠፋላችሁ። ለዚህ ሥዕል ከታች ወደ ላይ ሰማይ፣ ቅርንጫፍ፣ ፌስታል፣ እሾህ የሚሉ አራት ሌየሮች ክፈቱ። በላያቸው የጥላና የብርሃን ሌየር ይመጣል። ስም ስጧቸው። “ሌየር 7” እና “ሌየር 7 ኮፒ” መሃል ሌሊት ላይ አይለዩም።

ሰማዩን በትልቅ ለስላሳ ብራሽ ሙሉት። ከላይ ጠቆር፣ ወደ አድማሱ ስትወርዱ ፈዘዝ። ፌስታላችን ነጭ ስለሆነ ሰማዩ ከፌስታሉ መጥቆር አለበት፤ አለበለዚያ ነጭ በነጭ ላይ ይጠፋል። እኔ አቧራ የነካው ሰማያዊ ነው የተጠቀምኩት። ንጹሕ ነጭን ደግሞ እዚህ እንዳትነኩት። ለመጨረሻ ይቆይ፤ ምክንያቱን ታያላችሁ።

ቅርንጫፉ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ጠርዙ ቁርጥ ባለ ብራሽ፣ በጥቁር ሳይሆን በጠቆረ ቡናማ ሳሉት። ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ ይቅጠን። ስትጨርሱ “አልፋ ሎክ” የሚለውን አብሩ። ከዚህ በኋላ ቀለም የሚይዘው ቀድሞ የተሳለው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠርዙን ሳትስቱ በብርሃኑ በኩል ቀላ ያለ ቡናማ ማስኬድ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ፌስታሉ። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሥዕሉ የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ነው።

መጀመሪያ እውነተኛ ፌስታል ፈልጋችሁ መስኮት አጠገብ በአንድ ጫፉ ስቀሉት። አሥር ደቂቃ ሙሉ እዩት፣ በእውነት ነው የምላችሁ። ሦስት ነገር ታስተውላላችሁ። አንደኛ፣ ሽብሽቡ ከተያዘበት ነጥብ እንደ ፀሐይ ጨረር ይበተናል። ጀማሪ ግን ሽብሽብ ሲስል በዘፈቀደ ይሞነጫጭራል። ሁለተኛ፣ ፕላስቲኩ ነጠላ የሆነበት ቦታ ከጀርባው ያለውን ያሳያል፤ ተደርቦ የታጠፈበት ቦታ ግን ይጋርዳል። ሦስተኛ፣ ብልጭ የሚለው ቦታ በጣም ጥቂትና በጣም ቀጭን ነው።

ሥራውም ይህንኑ ተከትሎ ይሄዳል። በፌስታሉ ሌየር ላይ ቅርጹን ቁርጥ ባለ ጠርዝ ሥሩና ወደ ግራጫ ባደላ ፈዛዛ ሰማያዊ ሙሉት። ሁለቱ ማንጠልጠያዎች ክንፎቻችን ናቸው፤ አንዱ ወደ ላይ ይዘርጋ፣ ሌላው ይታጠፍ። እኩል ከሆኑ ወፉ የደረቀ ወፍ ይመስላል። ኦፓሲቲውን ወደ 70 በመቶ ስታወርዱ ቅርንጫፉ ከጀርባው ብቅ ይላል። ወዲያው ፕላስቲክ ይሆናል። መጀመሪያ ሳየው እኔ ራሴ ደንግጫለሁ።

ከዚያ በላዩ አዲስ ሌየር ከፍታችሁ “ክሊፒንግ” አድርጉት፤ የምትቀቡት ከፌስታሉ ቅርጽ አይወጣም። ሞዱን (ከሥሩ ካለው ጋር የሚቀላቀልበትን መንገድ) “ማልቲፕላይ” አድርጉና ድርብርቡን ቦታ ቀቡ። ማልቲፕላይ ከሥሩ ያለውን ቀለም ያጠቁረዋል እንጂ አይሸፍነውም፤ ለጥላ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ከተያዘበት ነጥብ ተነስታችሁ ወደ ውጭ እየሳባችሁ ሽብሽቡን አውጡ። ቅርብ ለቅርብ ይጀምር፣ እየራቀ ሲሄድ ይስፋ፣ ጫፉ ላይ ይጥፋ። አንዳንዱን ጠርዝ በለስላሳ ብራሽ አደብዝዙት፤ አንዳንዱን ቁርጥ እንዳለ ተዉት። ሁሉም ከለሰለሰ ጨርቅ ይሆናል። ሁሉም ከተቆረጠ ቆርቆሮ ይሆናል።

እሾሁን በራሱ ሌየር፣ ከፌስታሉ በላይ ሳሉት። አንድ እሾህ ፕላስቲኩን ወግቶ ወደ ፊት የወጣ ይሁን። ይህች ትንሽ ነገር ከሌለች ፌስታሉ ቅርንጫፉ ላይ የተለጠፈ ስቲከር ይመስላል።

ያስቀመጣችሁትን ንጹሕ ነጭ አሁን አምጡ። ከሁሉም በላይ አዲስ ሌየር። በሽብሽቡ ጉብታ ላይ አምስት ወይም ስድስት አጫጭር፣ ቀጫጭን ጭረት። ሰባተኛው ሲያምራችሁ እጃችሁን አንሱ። ሰማዩ ላይ ነጭ ብትጨርሱ ኖሮ ይህ ብልጭታ አይታይም ነበር።

ቀለሙ ሲያስቸግር

“አንድ ነገር ጎድሎታል ግን ምን እንደሆነ አላውቅም” የሚባለው ብዙ ጊዜ የቀለም ችግር አይደለም። ጨለማና ብርሃኑ ስላልተለየ ነው። መፈተኛው ይኸው። ከሁሉም በላይ ሌየር ከፍታችሁ ጥቁር ሙሉት፣ ሞዱን “ከለር” አድርጉት። ሥዕሉ በሙሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ፌስታሉ ከሰማዩ ተለይቶ ይታያል? ካልታየ ሰማዩን አጥቁሩ። ከዚያ ሌየሩን ደብቁት፤ አታጥፉት፣ ደጋግማችሁ ትፈልጉታላችሁ።

ሥዕሉን ወደ ጎን መገልበጥም ልመዱ። ክሪታ ላይ የ“ኤም” ቁልፍን መጫን ነው። ሌሎቹም አላቸው። ያጋደለው ነገር ወዲያው ያፈጣል።

ቀለሙን በአምስት ገድቡት። ሁለት ለሰማይ፣ አንድ ለቅርንጫፍ፣ አንድ ለፌስታል፣ አንድ ደግሞ ሞቅ ያለ ለብርሃን። ሣርና ቅጠል ከሳላችሁ አፑ ላይ ተደርድሮ የሚጠብቃችሁን ደማቅ አረንጓዴ እንዳለ አትቅዱት። የእውነት ቅጠል እንደዚያ አይጮህም። ትንሽ ቢጫ ወይም ቀይ ጨምሩበት፣ ድምቀቱንም ቀንሱት። “አረንጓዴ” የሚለው ርዕስ አረንጓዴ ቀለም መደፋት አለበት ማለት አይደለም። እኔ የማውቃቸው ጥሩ የአካባቢ ጥበቃ ሥዕሎች ብዙዎቹ ግራጫና ቡናማ ናቸው።

ሥዕሉ ይዋሻል?

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። መምህር ግን አይዘለውም፤ በተለይ የሳይንስ መምህር ከገመገመው።

ከኃይል ማመንጫ አጠገብ ወገባቸው ቀጠን ያሉትን ግዙፍ ማማዎች ታውቋቸዋላችሁ። ተማሪ ሁሉ “ብክለት” ሲባል እነሱን ስሎ ከላያቸው ጥቁር ጭስ ያትጎለጉላል። ማማዎቹ ማቀዝቀዣ ናቸው፤ የሚወጣው የውሃ ተን ነው። ጭስ ከፈለጋችሁ ቀጭኑን ረጅም የጭስ ማውጫ ሳሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ ደግሞ ቀለም የለውም፤ ጥቁር ጭስ አድርጎ መሳል ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ግን ምልክት መሆኑን እናንተ እወቁት።

የዋልታ ድብና ፔንግዊንን አንድ በረዶ ላይ አታስቀምጧቸው። ድቡ ሰሜን ነው፣ ፔንግዊኑ ደቡብ ንፍቀ ክበብ። በሕይወታቸው አይገናኙም። ከዚሁ ጋር፣ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ በረዶ ሲቀልጥ የባሕሩን ከፍታ ይህ ነው በሚባል ደረጃ አይጨምረውም። የሚጨምረው ከየብስ ላይ ቀልጦ የሚገባው ነው። የባሕር መሙላትን የምትስሉ ከሆነ በረዶው ተራራ ላይ ይሁን።

“ፌስታል ለመበስበስ ይህን ያህል መቶ ዓመት ይፈጅበታል” የሚል ቁጥር ሥዕላችሁ ላይ ልትጽፉ ካሰባችሁ ተዉት ባይ ነኝ። በየቦታው የሚጻፈው ቁጥር አንዱ ከሌላው አይገጥምም። የሚታወቀውን ግን መሳል ትችላላችሁ። ፕላስቲክ በፀሐይ ብርሃን እየተሰባበረ ይደቃል፤ ከ5 ሚሊሜትር ያነሰው ስብርባሪ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። እኔ ይህን ያሳየሁት ያለ ጽሑፍ ነው። ከፌስታሉ የተቀደደ ጫፍ ጥቃቅን ነጭ ብናኝ ወደ ቀኝ እየተበተነ ይሄዳል። ከሩቅ የወፉ ላባ ይመስላል።

የሰው ፎቶ

ውጡና ፎቶ አንሱ ያልኩት ለዚህም ነው። በገዛ ፎቷችሁ ማንም አይከራከራችሁም። ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን አይቶ መማር አንድ ነገር ነው፤ ቆርጦ መለጠፍ ሌላ። መለጠፍ የግድ ከሆነ ፈቃዱን እዩ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከሚባሉት ፈቃዶች “ሲሲ ዜሮ” የሚለው ነጻ ነው። “ባይ” የሚል ካለበት የባለቤቱን ስም መጻፍ ግዴታ ነው። ናሳ ያነሳቸው የጠፈርና የምድር ፎቶዎች በአብዛኛው የቅጂ መብት የለባቸውም፤ ምንጩን ግን ጥቀሱ።

በጽሑፍ ትእዛዝ ሥዕል የሚፈጥሩትን የኤአይ መሣሪያዎች በተመለከተ መምህሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። ከተከለከለ ተከለከለ። ከተፈቀደም የቱን እነሱ፣ የቱን እናንተ እንደሠራችሁት ጻፉ። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ “የአካባቢ ጥበቃ ሥዕል” ብላችሁ ብታዙት የሚሰጣችሁ ሁለት እጆች ምድርን አቅፈው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

አስቀምጡ፣ እንደገና አስቀምጡ

አንድ ጊዜ ሥዕሌን ጨርሼ ጄፔግ አድርጌ አስቀመጥኩና ዋናውን ፋይል ቦታ ለማስለቀቅ አጠፋሁት። በማግሥቱ መምህሩ “ቅርንጫፉ ትንሽ ወደ ታች ቢሆን?” አለኝ። ጄፔግ ሌየር አያስቀምጥም። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ተጣብቋል። ቅርንጫፉን ሳንቀሳቅስ ሰማዩ አብሮ ተገነጠለ፤ ሌሊቱን ከባዶ ጀመርኩ።

ስለዚህ የአፑን የራሱን ፋይል አትንኩት። ለማስረከብ ሌላ ቅጂ አውጡ፤ ፒኤንጂ ቢሆን ይመረጣል፣ ጥራቱ አይቀንስም። ጄፔግ መጠኑ ያንሳል፣ ግን ሰማይን በመሰለ ለስላሳ ቦታ ላይ መቆራረጥ ሊታይበት ይችላል። በየግማሽ ሰዓቱ በአዲስ ስም አስቀምጡ፦ “ፌስታል 1”፣ “ፌስታል 2”። ትልቅ ለውጥ ከማድረጋችሁ በፊትም እንዲሁ። አንዱን ቅጂ ከስልኩ ውጭ አኑሩ። በቴሌግራም ለራሳችሁ መላክም ይሆናል፤ ብቻ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ በፎቶ መልክ ሲላክ ይታመቃል።

የሚታተም ከሆነ አንድ ናሙና ቀድማችሁ አሳትሙ። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን፣ ማተሚያው በቀለም ነው። ስክሪኑ ላይ የሚያበራው ሰማያዊና አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይደክማል፤ ጨለማውም ይብሳል። ትንሽ አብርታችሁ አሳትሙ።

ማብራሪያውና ቀኑ

ብዙ መምህራን ከሥዕሉ ጋር አጭር ማብራሪያ ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ተማሪው ድንገት እንደ ባለሥልጣን ይጽፋል። “ይህ ሥዕል አካባቢያችንን መንከባከብ እንዳለብን ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ለማስጨበጥ ታስቦ የተሠራ ነው።” ይህ ዓረፍተ ነገር በማንኛውም ሥዕል ሥር ቢለጠፍ ይሄዳል። ለዚህ ነው ምንም የማይለው።

የእኔ ይህ ነበር፦ “በጠዋት መንገድ ላይ ነጭ ወፍ አየሁ። ፎቶ ላነሳው ስጠጋ ፌስታል ሆነ። ሳየው የተሰማኝን መታለል ለማቆየት ብዬ ፌስታሉን ከታች ወደ ላይ፣ በባዶ ሰማይ ላይ አስቀመጥኩት። በክሪታ፣ በዘጠኝ ሌየር፣ ከራሴ ፎቶ ነው የሠራሁት።” ምን አየሁ፣ ምን ወሰንኩ፣ በምን ሠራሁ። ከዚህ በላይ ካስፈለገ የምትጨምሩት ስለ ውሳኔያችሁ ይሁን፤ ለምን ሰማዩ ባዶ ሆነ፣ ለምን ቀለሙ አነሰ።

ከማስረከባችሁ በፊት ሥዕሉን ምንም ለማያውቅ ሰው ለሦስት ሰከንድ አሳዩትና ስልኩን ገልብጡት። “ምን አየህ?” በሉት። እህቴ “ወፍ” አለችኝ። መልሼ ስሰጣት ትንሽ አፈጠጠችና “ውይ፣ ፌስታል ነው እንዴ!” አለች። ገና ከመጀመሪያው “ፌስታል” ብትለኝ ኖሮ ክንፎቹን አስተካክል ነበር። ጭራሽ ወፍ ብቻ ካለች ደግሞ ኦፓሲቲውን አወርዳለሁ፣ ሽብሽቡን አጠነክራለሁ።

ክፍል ፊት ስትቆሙም ይኸው ይሠራል። ርዕሱን አትናገሩ፣ “ሥዕሌ የሚያሳየው…” ብላችሁም አትጀምሩ። ሥዕሉን ክፈቱና ዝም በሉ። አሥር ሰከንድ ይረዝማል፣ አውቃለሁ። ከኋላ ወንበር አንዱ “ወፍ አይደለም እኮ” ብሎ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ ትሰማላችሁ። ያኔ መናገር ጀምሩ።